ሁለት ክኒን በአንድ ኩባያ ተልባ

በአያ ታፈረ ቤት የተጻፈ ነገር ሁሉ ወደ ሰብሌ እጅ ይሄዳል። የቀበሌ ጥሪ ቢመጣ፣ የክትባት ካርድ ቢመጣ፣ ስልክ ላይ መልእክት ቢገባ፣ "ለሰብሌ ስጧት፣ እሷ ታውቀዋለች" ነው የሚባለው። ከአምስቱ ልጆች አሥረኛ ክፍል የደረሰች እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ አገባች፣ ማሚቱን ወለደች፤ ባሏ ለግንባታ ሥራ ወደ ወልድያ ሲወርድ ሕፃኗን አዝላ አባቷ ቤት ተመለሰች። ቤቱ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ነው፤ ከመኪናው መንገድ ግማሽ ሰዓት ዳገት ያስወጣል። የተመለሰችው ግን ባሏ ስለሄደ ብቻ አልነበረም። አባቷ መደብ ላይ ውለዋል፣ እናቷ ወለተ ሐና ዓይናቸው ደክሟል፤ የመድኃኒቱን ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።

አያ ታፈረ ሠላሳ ዓመት በቅሎ ያከራዩ ሰው ናቸው። ፈረንጁንም፣ የአገሩንም ሰው፣ ጉልበቱ የደከመውን ተሳላሚም ወደ አሸተን ማርያም ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረዋል። ገደሉ አፋፍ ላይ የፈራ ሰው ሲያዩ፣ "አይዞህ፣ በቅሎዋ ካንተ ይልቅ ለነፍሷ ትሳሳለች" ብለው ያስቁት ነበር። እኒያ ሰው ናቸው እንግዲህ መጀመሪያ በሽንት፣ ቀጥሎ በወገብ፣ ቀጥሎ በጭን አጥንት እያለ ሕመሙ የጣላቸው። ደሴ ያያቸው ሐኪም ዕጢው አጥንት ውስጥ ገብቷል፣ ከእንግዲህ የምንችለው ሕመሙን ማስታገስ ነው ብሎ ሸኛቸው። ሰፈሩ በሽታውን በስሙ አይጠራውም። "ያ ነገር" ነው የሚለው።

ቀደም ሲል በየአራት ሰዓቱ የሚቀምሱት ሽሮፕ ነበራቸው፤ ቶሎ ይይዝላቸዋል፣ ቶሎም ይለቃቸዋል። እሱ ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከጤና ጣቢያ በእግሯ ዳገቱን እየወጣች የምታያቸው ሲስተር ነጅሚያ፣ "ሲመጣ እደውልልሻለሁ ሰብሌ፣ አብሽሪ" እንዳለቻት ነው። በሐምሌ አጋማሽ ታላቅ ወንድሟ ደሳለ አባቱን ይዞ እንደገና ደሴ ወረደና በሽሮፑ ፈንታ ክኒን ይዞ ተመለሰ። ሙሉ ቀን አባቱን በጀርባው አዝሎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያመላልስ ውሎ፣ ሌሊቱን ወንበር ላይ አድሮ፣ ቤት ሲደርስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ይኸው" አለና ፌስታሉን ለእህቱ ሰጣት። "ሞርፊን ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ፣ ማታ አንድ ሰዓት አንድ። ቀስ እያለ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሠራ ነው። ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ ከሕፃን ይራቅ ብለዋል።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን አለ? አንዷን ጠዋት፣ አንዷን ማታ። ልተኛበት ሰብልዬ።"

ሰብሌ ሰዓቱን በእስክሪብቶ ፌስታሉ ላይ ጻፈችና ማሚቱ እንዳትደርስበት ከጣራው ማገር ላይ ሰቀለችው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግ ነበሩ። አያ ታፈረ ሌሊቱን ተኝተው ያድራሉ፣ ጠዋት ተደግፈው ደጅ ይወጣሉ፣ ማን ሞተ ማን ተጋባ ይላሉ። ክኒኗ እስክትይዝላቸው ያለውን ጊዜ እንኳ ቀልድ አበጁለት። "ይቺ ክኒን ሰነፍ በቅሎ ናት" ይላሉ፤ "ለመነሣት ሁለት ሰዓት ትለመናለች፤ ከተነሣች ግን እስከ ማታ ትሸከምሃለች።"

ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

ነሐሴ አንድ ጠዋት ሰብሌ ክኒኗን በመዳፏ፣ ውሃውን በኩባያ ይዛ መደቡ ሥር ቆመች።

"አባዬ፣ አንድ ሰዓት ሆኗል። ይዋጡ።"

"ዛሬ ምን ቀን ነው?" አሏት።

ሰብሌ ወደ ኩባያው አቀረቀረች።

"አየሽ፣ ታውቂዋለሽ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ የጀመርኩትን ጾም ሰባውን ካለፍኩ ወዲያ ልሻረው?"

"መድኃኒት እኮ ምግብ አይደለም አባዬ።"

"በአፍ ገብቶ በጉሮሮ ከወረደ በምን ተለየ? ቅዳሴ ሲወጣ አምጭው። እኔ ከእመቤቴ ፊት የምቆምበት ቀን ቅርብ ነው፤ ጾሜን ገድፌ በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

ሰብሌ ወደ እናቷ ዞረች። ወለተ ሐና ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ "ተያቸው ልጄ፣ የሚሰናዱት ለላይኛው ቤት ነው" አሉ። የነፍስ አባታቸውን ቄስ ወልደ ኪዳንን ልጠይቅ ብላ ነበር፤ ቄሱ ግን ሱባኤ ገብተዋል፤ ሱባኤ የገባን ሰው በክኒን ነገር መጥራት ለማንም አልታየም።

እንግዲህ ሰዓቱን መቁጠር የሰብሌ ፈንታ ሆነ። ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቆጠር ሌሊት ዘጠኝ ላይ ይወድቃል፤ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ደግሞ አባቷ አፋቸውን አይከፍቱም። በጣቷ አንጓ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። የሚበላበት ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት፣ መድኃኒቱ የሚፈልገው አሥራ ሁለት ሰዓት። አልገባ አላት። ሲጨንቃት አንዷን በዘጠኝ ሰዓት፣ አንዷን ከመኝታ በፊት መስጠት ጀመረች። ነገሩ ሦስት ቀን በዚህ ሄደ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሕመሙ አየለ፣ በየቀኑም እየቀደመ መጣ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አያ ታፈረ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ላባቸው አጎዛውን አርሶታል። አይጮሁም፤ መጮህ አያውቁም። እግራቸውን ያንቀሳቅሱና "እህ" ይላሉ፣ ከዚያ ያቺን እግር ደግመው ላለማንቀሳቀስ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

"አባዬ፣ ስለ እመብርሃን፣ አሁን ይዋጧት!"

"ቅዳሴ… ይውጣ።"

ሰብሌ ደጅ ወጥታ ጉም የሸፈነውን ቁልቁለት አየች። ደወሉን የሚደውለውን ሰው ባገኘው ብላ ተመኘች። ማሚቱ ቀሚሷን ይዛ፣ "እማ፣ አባባን ማን መታው?" አለቻት።

ደወሉ በመጨረሻ ተሰማ። ሰብሌ ክኒኗን ምላሳቸው ላይ አስቀመጠች፣ ውሃ ሰጠቻቸው። ሙሉ ቀን የደረቀ ጉሮሮ አልቀበል አለ፤ ክኒኗ ከነውሃው አገጫቸው ላይ ወረደች። ደግማ ሞከረች። አሁንም መለሷት። ዓይን ዓይኗን አዩዋት፣ ከዚያም በሕይወታቸው ለልጃቸው ብለውት የማያውቁትን ቃል አሉ። "ሰብሌ፣ እባክሽ።"

ያ "እባክሽ" ነው ያሳሳታት። ማሚቱ በታመመች ጊዜ ክኒን በሁለት ማንኪያ መሐል አድርጋ ትደቁሰዋለች፣ በስኳር ውሃ ታጠጣታለች፤ ያልዋጠ ልጅ እንዲህ ነው የሚታከመው፣ የሰፈሩም ሴት ሁሉ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ለጾሙ የተዘጋጀ ተልባ በጆግ ነበረ፤ ተልባ ደግሞ የደረቀ ጉሮሮን ያወርዳል። ሁለት ክኒን አወጣች፤ የጠዋቷን ዕዳ አንድ፣ የማታዋን አንድ። በማንኪያው ጀርባ ስትጫናቸው ክኒኖቹ ጠንካሮች ነበሩ፣ እምቢ አሉ፤ ታግላ አደቀቀቻቸው። በተልባው በጠበጠቻቸውና ጭንቅላታቸውን ደግፋ እስከ ጭላጩ አጠጣቻቸው።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ግንባራቸው ላይ የነበረው እጥፋት ተፈታ። እግራቸውን ዘረጉ። ሦስት ቀን ሙሉ ያልታየ ፈገግታ መጣ።

"ምን ሰጠሽኝ አንቺ?"

"ያንኑ ነው አባዬ፤ በተልባ።"

"ሰነፏን በቅሎ በጅራፍ አልሻት በይኛ!"

ወለተ ሐና "ተመስገን፣ ተመስገን" እያሉ መሬት ሳሙ። ሰብሌም አለቀሰች፣ ሳቀች። ከዛሬ ወዲያ ሁሌ እንደዚህ ነው የማደርገው ብላ በልቧ ወሰነች። አያ ታፈረ ጥቂት ሽሮ ቀምሰው እንቅልፍ ወሰዳቸው። "ይተኙ፣ የሦስት ቀን እንቅልፍ አለባቸው" ተባብለው በሩን ገርበብ አደረጉት።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሰብሌ ለእራት ልትቀሰቅሳቸው ገባች። ማንኮራፋታቸው ከወትሮው የተለየ ነበር፤ እንደሚፈላ ድስት ጉሮሯቸው ውስጥ ይንተከተክና ይቆማል። ቆሞ ይቆያል። እንደገና ይመጣል።

"አባዬ።"

የለም።

"አባዬ!" ትከሻቸውን ነቀነቀች። አንገታቸው ወደ ነቀነቀችው ዞረ እንጂ ዓይናቸው አልተከፈተም። የዓይናቸውን ቆብ በጣቷ ገለጠች፤ ብሌናቸው እንደ ጤፍ ፍሬ አንሷል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

በዚያ ቤት ስልክ የሚይዘው ከጓሮ ካለው አለት ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ሰብሌ አባቷን ይዛ ስልክ መደወል አትችልም፤ ስልክ ይዛ አባቷን መያዝ አትችልም። እናቷን መደቡ ላይ አስቀምጣ ሮጣ ወጣች። ዝናቡ ያጠበው ድንጋይ ሁለቴ አዳለጣት።

"ሲስተር! ሲስተር ነጅሚያ! አባቴ አልነቃ አለኝ።"

"ይተነፍሳሉ?"

"አንዳንዴ።"

"አንዳንዴ ማለት ስንት ነው? ሰዓት ይዘሽ በደቂቃ ቁጠሪልኝ።"

"እኔ ደጅ ነኝ፣ ከቤት አይያዝም!"

"እናትሽ ይንገሩሽ።"

ሰብሌ ወደ ቤቱ ዞራ፣ "እማዬ! በተነፈሱ ቁጥር ጩኺልኝ!" አለች። ዓይኗን ስልኩ ላይ ተከለች።

"ተነፈሰ!" አለ የወለተ ሐና ድምፅ።

ዝናብ ያካፋል። ከታች ወንዙ ይጮኻል። ሰብሌ ጠበቀች። እናቷ የረሱ መሰላት።

"ተነፈሰ!"

አለቱ ላይ ሆና ማድረግ የምትችለው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ያቺን ቃል መጠበቅ ብቻ። ደቂቃዋ ስታልቅ የመጣው ቃል አምስት ነበር።

"አምስት" አለች።

"ምን ሰጠሻቸው?"

"ክኒኑን ነው። ሁለቱን ደቁሼ፣ በተልባ…"

"ደቁሰሽ? ያ ረቢ።" ከዚያ ድምጿ ተለወጠ፤ ልክ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ተናገረች። "ሰብሌ፣ ስሚኝ። ያ ክኒን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ እንዲለቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ስትደቁሽው የቀኑ ሁሉ ባንዴ ገባ። አሁን የሚያስፈልጋቸው ማርከሻ መርፌ ነው፤ እኔ ጋ አለ። ይዤው እየመጣሁ ነው፤ ባጃጅ ግን ከወንዙ አያልፍም። እናንተ አውርዷቸው፣ ወንዙ ላይ እንገናኝ። እስከዚያ ዝም እንዲሉ አትፍቀዱላቸው። በስማቸው ጥሯቸው። የደረታቸውን መሐል በጣትሽ አንጓ አጥብቀሽ ፈትጊ፣ ያማል ብለሽ አትዘኝ። በጎናቸው አስተኟቸው፣ አገጫቸውን ቀና አድርጉ። በአፋቸው ምንም አይግባ፤ ውሃም፣ ጸበልም፣ ወተትም። ገባሽ?"

ገብቷታል። ቤት ስትደርስ ወለተ ሐና የጎረቤት ወተት በማንኪያ ይዘው የባላቸውን ጥርስ ሊከፍቱ ይታገሉ ነበር።

"እማዬ ተይ! ያንቃቸዋል!"

"መርዝ በወተት ነው የሚረክሰው! አባቴ እባብ የነደፈውን…"

"እማዬ በማርያም!" ማንኪያውን ከእጃቸው ቀማች። እናቷን በዚህ ድምፅ ተናግራቸው አታውቅም።

ጩኸቱን ሰምተው ደሳለና ሦስት ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሰብሌ ከጎን እየሮጠች የአባቷን ደረት ትፈትጋለች። "ታፈረ! አያ ታፈረ!" ትላለች፤ አባቷን በስማቸው ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። አንዳንዴ ያቃስታሉ፤ ያን ጊዜ ሸካሚዎቹ "አሉ፣ አሉ" ይባባላሉ። አንዳንዴ አያቃስቱም፤ ያን ጊዜ ማንም አይናገርም፣ ጭቃውን የሚረግጥ እግር ብቻ ይሰማል።

ነጅሚያ ወንዙን ጫማዋን በእጇ ይዛ ተሻግራ ጠበቀቻቸው። ቃሬዛው እንዳረፈ መርፌውን ጭናቸው ላይ ወጋች። ሁሉም ዙሪያውን ተንበርክኮ አየ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሆኖ ይሆናል። አያ ታፈረ ትንፋሻቸውን በረዥሙ ሳቡ፣ ዓይናቸውን ከፈቱ፣ ሰማዩን አዩ። ከዚያም ጮኹ።

እኒያ ዕድሜ ልካቸውን መጮህ የማያውቁ ሰው፣ ወንዙን አሸንፎ እስኪሰማ ጮኹ። ማርከሻው መድኃኒቱን ከነማስታገሱ ነው ያጠፋው። ነፍሳቸው ተመለሰች፤ ሕመማቸውም እሷን ተከትሎ አብሮ ተመለሰ።

"ምነው መለሳችሁኝ?" አሉ። የጠየቁት ሰብሌን ነው።

ጤና ጣቢያ አደሩ፤ ማርከሻው ቶሎ ስለሚያልቅና ክኒኑ ስለሚቆይ ትንፋሻቸው እስከ ንጋት መጠበቅ ነበረበት፤ መርፌውም ሌሊቱን አንድ ጊዜ ተደገመ። ነጅሚያ ደሴ ላለው ሐኪም ደውላ ጠይቃ፣ ለሰብሌ ደጋግማ ነገረቻት። ከነገ ማታ ጀምሮ አንዷ ክኒን፣ እንዳለች፣ ሳትሰበር። ያለፈች ካለች አለፈች፤ ሁለት አይደረግም። መዋጥ ካቃታቸው አለመስጠትና መደወል። ባንዴ ማቋረጥ ደግሞ ራሱ ሌላ ሥቃይ ነው።

ይህን ሁሉ ሰብሌ በልቧ ይዛ ቤት ገባች። ፌስታሉ ግን ከማገሩ ላይ አልነበረም።

"እኔ ጋ ነው" አለ ደሳለ። "ያ መርዝ ከዚህ ቤት ደግሞ አይገባም።"

"ሐኪሙ እኮ…"

"ሐኪሙ ደሴ ነው ያለው። ሬሳውን የምሸከመው እኔ ነኝ።"

በምን አፏ ትከራከር? ክኒኑን የደቆሰች እጅ ይችው የእሷ እጅ ናት። ደሳለ ባይናገር እንኳ በዓይኑ ያለውን አየችው፣ በእናቷ ዝምታ ሰማችው፣ ከሁሉም በላይ ከራሷ ውስጥ ሰማችው። ዕውቀቱ አላት፣ ሥልጣኑ የላትም። ወረቀት አንባቢዋ ሰብሌ በዚያ ሳምንት የሰው ፊት እንኳ ማንበብ ፈራች።

ሁለት ቀን ሆነ። አያ ታፈረ ላብ በላብ ሆኑ፣ ሆዳቸው ተላወሰ፣ ገላቸው እንደተገፈፈ ዶሮ ተኮማተረ። ጾሙንም አልተዉም። ሕመሙ ግን ማንንም አልጠየቀም። ሰብሌ ጨርቅ አርሳ ግንባራቸው ላይ ታደርጋለች፣ ትራሱን ታዞራለች፣ ያዞረችውን መልሳ ታዞራለች። ሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አለቱ ላይ ወጣችና ለነጅሚያ ደወለች። "ሲስተር፣ ክኒኑን ወንድሜ ያዘው። አባቴም ቢሰጡት ጠዋት አይውጥም። እኔ የምችለው ነገር አልቋል" አለች። ከዚያም ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ውሻ ጮኸ። ነጅሚያ በአንድ ጃንጥላ ከቄስ ወልደ ኪዳን ጋር ዳገቱን ወጥታ መጣች። ወለተ ሐና መስቀል ሊሳለሙ ሲንደረደሩ ቄሱ እያለከለኩ፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ትንፋሼን ልያዝ" አሉ። "ይቺ ልጅ ትናንት ማታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዝናብ ሲመታት ቆማ፣ 'አባ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ሱባኤዎን ላቋርጥዎ ነው' አለችኝ። ዛሬ ደግሞ እንደ ፍየል ዳገት አስወጣችኝ።"

"ፍየልማ ቀድማኝ ነበር አባ፤ የጠበቅኩዎት እኔ ነኝ" አለች ነጅሚያ።

ቄሱ ሳቅ አሉና መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሳቃቸው የበሽተኛውን ፊት ሲያዩ ጠፋ።

"ታፈረ።"

"አቤት አባ።"

"እንዲህ ሆነህ ጹም ብሎ ያዘዘህ ማን ነው?"

"ማንም… ልማዴ ነው አባ።"

"ልማድህ ቅስና ሰጠህ እንዴ? የታመመ ሰው እንደማይገደድ እኔን አልጠየቅህ፣ ሰው አልላክህ። ራስህን አዘዝክ፣ ልጅህን አስጨነቅክ።"

አያ ታፈረ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እመቤቴ እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው።"

"እንግዲያ ስማ። ቀኖና እሰጥሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ፣ ፍልሰታም ቢሆን ዓቢይ ጾምም ቢሆን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትኩስ ነገር ትቀምሳለህ፣ ክኒንህን ትውጣለህ። ሳትሰብር፣ ሳታኝክ፣ እንዳለች። አይደለም ሲስተር?"

"እንደዚያው ነው አባ።"

"ይህን ብታጎድል ቀኖና አፍርሰሃል።"

"ሌላው ሰው ይሰግዳል፣ እኔ ክኒን ልዋጥ?"

"ሌላው ጉልበት አለው። ያንተ ስግደት ይቺ ናት።"

አያ ታፈረ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፣ "እሺ" አሉ። ቄሱ ወደ በሩ ዞሩ። ደሳለ ጉበኑ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

"አንተስ? ክኒኑን አምጣዋ።"

ደሳለ አልተንቀሳቀሰም። ጃኬቱን በእጁ ያዘ፣ ለቀቀ። "ነግረውኝ ነበር" አለ።

"ምን?"

"ደሴ። መድኃኒቱን የሰጠችኝ ሴትዮ ነግራኝ ነበር። 'አይሰበርም፣ አይደቆስም፣ አይታኘክም' ብላኝ ነበር። አባዬ ጀርባዬ ላይ እያቃሰተ ነበር… ሰዓቱን ብቻ ያዝኩ። ከዚያች ማታ ጀምሮ በጆሮዬ ይጮኻል።" እህቱን ማየት አልቻለም። "አንቺን ዝም ያሰኘሁሽ ለዚያ ነው።"

ፌስታሉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ ወጥቶም ሄደ። ሰብሌ ሊቀልላት ይገባ ነበር። አልቀለላትም። ጥፋቱ ለሁለት ሲከፈል ያነሰ መስሏት ነበር፤ ለሁለቱም ሙሉ ሙሉውን ደረሳቸው።

አንድ ሰዓት ሲሆን አያ ታፈረ አጥሚት በማንኪያ ቀማመሱ። ነጅሚያ ትንፋሻቸውን ቆጠረች፣ በራሷ እጅ ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ አስቀድማ አስጎነጨቻቸው። ሰብሌ ክኒኗን ምላሳቸው ላይ አኖረች። አያ ታፈረ ታገሉ። ወረደች።

ነጅሚያ ፌስታሉ ላይ የጎደለውን በሰብሌ እስክሪብቶ ጻፈች፣ ሌላ በሽተኛ ስላለባት ተነሣች። ቄሱም ወደ ቅዳሴያቸው ወረዱ። ወለተ ሐና ማሚቱን ይዘው ጓዳ ገቡ። ሰብሌ ብቻዋን አባቷ አጠገብ ቀረች።

ሕመሙ አልሄደም። ገና አይሄድም። ክኒኗ ቀስ ብላ ነው የምትሠራው፤ ደኅንነቷም ያ ቀስታዋ ነው። ሰብሌ አሁን ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሁለት ማንኪያ ቢኖራት በግማሽ ሰዓት ግንባራቸው እንደሚፈታም ታውቃለች። እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት።

"ሰብሌ" አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

"አቤት አባዬ።"

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

"አንድ ሰዓት ተኩል።"

ውጭ ዝናቡ ማካፋት ጀመረ።

"አሁንስ?"

መዋሸት ትችል ነበር። ሰዓቱን አየች። "አንድ ሰዓት ከሠላሳ አራት።"

"ስንት ላይ ትይዘኛለች አልሽኝ?"

"ከሁለት ሰዓት ወዲያ ነው። ሦስት ይሞላ ይሆናል።"

"እናቴን" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሊያዞሩ ሲሞክሩ እግራቸው ያዛቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ሰብሌ ከጭኗ ሥር እጇን አውጥታ ያዘቻቸው፤ አጥንቷ እስኪንቀጫቀጭ ጨበጧት።

"እስቲ ንገሪኝ፣ አሁንስ?"

"አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው አባዬ። ገና ነው።"